የአካውንቲንግ ተማሪዎቼ የት ገቡ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዘላቂነት ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። ጉዳዩ «በዋናነት የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ክፍሎች ሥራ» ነው ይላል።

እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ጋዜጠኛችሁ ክፍሌ ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጧል። ቡናም አብረን ጠጥተናል። ዘገባው ላይ ግን እኛ የለንም። ያለው ችግኝ የያዘ ተማሪ ፎቶ ነው። ከችግኝ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ዘላቂነት ችግኝ ብቻ ነው ያለው ማነው? የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ 4.7 እንኳ የሚለው «ሁሉም ተማሪዎች» ነው።

ያን ዕለት የተማርነው ስለ መንዝ ጓሳ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ስላለው የሣር መሬት ነበር። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚለበስ ጌሳ ይሆናል። የመንዝ ሰው ለ400 ዓመት ገደማ በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሲደርስ ከፍቶ ያጭዳል፤ መልሶ ይዘጋዋል። ዋናውን ሳይነካ ወለዱን ይበላል ማለት ነው። ይሄ ሂሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ደግሞ በርስት ላይ የቆመው ያ ሥርዓት ፈረሰ። እዚህ ላይ የሕግና የታሪክ መምህራንም ድርሻ አላቸው።

አንዲት የመንዝ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጓሳ ዲፕሪሲዬሽን ይያዝለታል?» አለችኝ። ንብረት ሲያረጅ የሚቀነስለትን ዋጋ ማለቷ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። በአንዱ ቆርቆሮ፣ በአንዱ ጓሳ። ቆርቆሮው በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል። ጓሳው ጊዜ ከሰጡት መልሶ ይበቅላል። ያለ ጊዜው ከታጨደስ? ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ ወደ ወንዞቻችን ዞርን። የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ወጪው ማን ደብተር ላይ ይጻፋል? ሰዓቱ ቢያልቅም የወጣ አልነበረም። ጋዜጠኛችሁ ይህን ሁሉ ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ጓሳ ልውሰድ ብዬ መኪና ጠይቄ ነበር። «አካውንቲንጎች እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ተባልኩ። ነገ ተመልሼ ብጠይቅ ጋዜጣችሁን አውጥተው ያሳዩኛል። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

እርማት አውጡልኝ። የልጅቷንም ጥያቄ አብራችሁ አትሙት። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜያችን ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ጋዜጠኛችሁ ይምጣ፣ ወንበር አለ።