ለኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፦ የወፎች የበረራ ከፍታ በግምት አይጻፍ

ጉዳዩ፦ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አቅራቢያ ለሚተከሉ የንፋስ ተርባይኖች ስለሚቀርብ የወፎች ጥናት

ከቆቃ እስከ አብያታ ባሉ የውሃ ዳርቻዎች ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ከሰሜን የመጡ የውሃ ዳር ወፎች ይከርማሉ። የአዳማና የአሰላ ተርባይኖችም በዚሁ ቀጠና ናቸው። የንፋስ ኃይል ለአገራችን ያስፈልጋል፤ በበጋ የግድቦቻችን ውሃ ሲቀንስ ይደግፈናል። ጥያቄያችን ተርባይን ከመተከሉ በፊት የወፎቹ የበረራ ከፍታ በመሣሪያ ይለካ የሚል ነው።

በ84 ሜትር ማማ ላይ 132 ሜትር ስፋት ያለው ተሽከርካሪ ቢገጠም ክንፎቹ ከ18 እስከ 150 ሜትር ያለውን አየር ይጠርጋሉ። በ15 ሜትር የምታልፍ ወፍ ከሥር ታልፋለች፤ በ25 ሜትር የምታልፈው ግን አደጋው ውስጥ ናት። በዓይን የሚገምት ሰው ደግሞ 10 ሜትር ቢሳሳት አይገርምም። ስለዚህ ርቀትንና የእይታ ማዕዘንን አብሮ የሚመዘግብ የሌዘር መለኪያ ግዴታ ይሁን። 400 ሜትር ርቃ በ5 ዲግሪ የታየች ወፍ ከተመልካቹ ዓይን 35 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች። ብዙ ጊዜ ስሌቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ተመልካቹ የቆመበት ኮረብታና ከወፏ ሥር ያለው መሬት እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱ መታሰብ አለበት። ከውሃው 200 ሜትር ከፍ ብላ የምትበር ወፍ ከሐይቁ 150 ሜትር ከፍ ያለ ሸንተረር ላይ ስትደርስ ከመሬት የምትርቀው 50 ሜትር ብቻ ነው። መሣሪያው በየዕለቱ ቁመቱ በሚታወቅ የንፋስ መለኪያ ማማ ላይ ይፈተሽ። ሌዘሩ ሩቅ ያሉ ትንንሽ ወፎችን ስለሚስት ያልተለኩትም ይመዝገቡ፤ አለበለዚያ ናሙናው ወደ ትልልቆቹና ወደ ቅርቦቹ ያደላል።

ቀን ብቻ መቁጠርም አይበቃም። እነዚህ ወፎች ከመመገቢያ ወደ ማደሪያ የሚሻገሩት በአብዛኛው ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ ረጅሙን ጉዞም ብዙ ጊዜ በሌሊት ይጓዛሉ። ራዳር የሌሊቱን ከፍታ ይሰጣል፣ የወፏን ዓይነት ግን አይለይም፤ አጠገቡ የድምፅ መቅረጫ ይቁም። ወፏ ላይ ታስሮ ያለችበትን ቦታና ከፍታ የሚመዘግበው የጂፒኤስ መለያ ከክብደቷ 3 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ልማድ ይጠበቅ፦ ሩፍ ከሚባሉት የውሃ ዳር ወፎች 180 ግራም ለሚመዝን ወንድ 5 ግራም ያህል፣ 25 ግራም ለምትመዝን ወፍ ግን ከ1 ግራም በታች ነው። ጂፒኤስ ከፍታን ሲመዘግብ ከቦታ ይበልጥ ይሳሳታል። ወፏ ጭቃ ላይ ቆማ ሳለ የተመዘገበው ከፍታ የስህተቱን መጠን ያሳያል፤ ያ መጠን በሪፖርቱ ይጻፍ።

የንፋሱ አቅጣጫና ፍጥነትም ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር ይያዝ። ወፎች ንፋስ ሲገጥማቸው ዝቅ ብለው፣ ከኋላ ሲገፋቸው ከፍ ብለው ይበራሉ፤ በአንድ ዓይነት ቀን ብቻ የተለካ መረጃ ያሳስታል።

በመጨረሻም ወፎቹ ተርባይኑን ይሸሻሉ ተብሎ የሚታሰበው ምጣኔ ከየት እንደመጣ ይገለጽ። 98 በመቶ ይሸሻሉ ተብሎ 20 ሞት የሰጠ ስሌት 99 ሲባል፣ የማይሸሹት ከ2 ወደ 1 በመቶ ስለሚወርዱ፣ 10 ይላል፤ ወፎቹ ግን ያው ናቸው። ሪፖርቱ ከጥሬ መረጃው ጋር፣ እያንዳንዱ በረራ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ርቀቱና ከፍታው ተጽፎ እንዲቀርብ እንጠይቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር