የተወለወለ ኮንክሪት ወለል ለሚያሠሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ ካፌ፣ ሱቅ ወይም መኖሪያ ቤት ከሚያሠሩ ሰዎች መካከል ሴራሚክ ማንጠፉን ትተው ኮንክሪቱን ራሱን አስፈግፍገው ማስወልወል የሚመርጡ አሉ። በወለል ሥራ የምተዳደር እንደመሆኔ ምርጫቸውን እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ ግን አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «እንደ መስታወት ያበራል፤ እንክብካቤም አያሻውም» ብለው ቃል መግባታቸውና ደንበኛውም ይህንኑ አምኖ ከተረከበ በኋላ ማዘኑ ነው።

ይህ ወለል በየቤታችን ከምናውቀው ሊሾ የተለየ ነው። ሊሾ ሳይደርቅ በሲሚንቶ ተለስልሶ የሚያልቅ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የተወለወለው ኮንክሪት ግን ከጠነከረ በኋላ የአልማዝ ቅንጣት ባለው ዲስክ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየተሸጋገረ ይፈገፈጋል፤ በመካከልም ሲሊኬት ያለበት ፈሳሽ ይቀባና ፈሳሹ በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ፊቱን ያጠነክረዋል። የሚታየው ቀለምና ጠጠር የዚያው የኮንክሪቱ ስለሆነ አንዱ ክፍል ከሌላው ጥቂት መለየቱ አይቀርም። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራልና ስስ ስንጥቅም ሊወጣ ይችላል፤ ለ7 ቀናት በሚገባ ውሃ ማጠጣትና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ወለል ላይ በየ3 ሜትሩ ገደማ በመጋዝ መስመር ማውጣት ስንጥቁን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

በአያያዝ በኩል ዋናው ጠላቱ አሲድ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ከሁሉም በላይ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ኖራውን ስለሚበላው የነካው ቦታ ይደበዝዛል፤ ይህ ደግሞ የወለሉ ፊት ራሱ ተጎድቶ ስለሆነ እንደገና ቢፈገፈግ እንጂ ቢታጠብ አይመለስም። ዘይትና ቅቤም ቶሎ ካልተጠረጉ ሰርገው ይገባሉ። ቡና በሚፈላበት ቤት የፈሰሰውን ወዲያው ማበስ፣ የተጎዘጎዘውንም ቄጤማ ሳያሳድሩ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከረከቦቱ ሥር ሰሌን ቢነጠፍ ደግሞ የተሻለ ነው።

የደሴ ክረምት ጭቃው ብዙ ነው። ጭቃው ሲደርቅ የሚቀረው አሸዋ በጫማ እየተረገጠ ወለሉን ስለሚፍቀው በደጃፉ በውጭም በውስጥም የጫማ መጥረጊያ ምንጣፍ ሊኖር፣ አሸዋውም በየቀኑ በለስላሳ መጥረጊያ ሊነሣ ይገባል። ማጽጃው አሲድም በረኪናም የሌለበት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥቂቱ የተጨመረበት ውሃ ነው። ሰም መቀባት ለጊዜው ያበራል፤ ቆይቶ ግን አቧራ ይይዛል፣ ያንሸራትታል። እንዲህ ተጠብቆም ቢሆን ሰው የሚበዛበት፣ ለምሳሌ ከካፌ በር እስከ ገንዘብ መቀበያው ያለው መንገድ፣ ከሌላው ቀድሞ መደብዘዙና እንደገና መወልወል መፈለጉ አይቀርም።

ስለዚህ እኛ ባለሙያዎች ውል ከመፈራረማችን በፊት በዚያው ሕንፃ አንድ ጥግ ላይ 1 ካሬ ሜትር ናሙና ፈግፍገን፣ ዘይትና ሎሚም ጠብ አድርገን የሚሆነውን እናሳይ። ባለቤቶችም ናሙናውን ሳያዩ ቀብድ እንዳይከፍሉ በአክብሮት አሳስባለሁ።

የወለል ሥራ ባለሙያ
ከደሴ