ፊፋ ላይ ያለን አንድ ድምፅ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ፊፋ የሀብታም አገሮች ነው፤ እኛ ተመልካች ነን» የሚል መንፈስ ያለውን ጽሑፋችሁን አንብቤያለሁ። በከፊል እስማማለሁ። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ቦርድ 8 ድምፅ አለው። 4ቱ የፊፋ ናቸው። የቀሩትን እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አንድ አንድ ይዘዋል። ለውጥ የሚጸድቀው በ6 ድምፅ ነው። ሐዋሳ ፒያሳ፣ ካፌ ውስጥ፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ስለ ኦፍሳይድ የምንጯጯኸው እነዚህ ሰዎች በወሰኑት ነው።

የፊፋ ጉባኤ ግን ሌላ ነው። 211 አባላት እኩል አንድ ድምፅ አላቸው፤ ብራዚልም አንድ፣ ኢትዮጵያም አንድ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አባላት ብቻ 54 ናቸው። ድምፅ ሲተባበር ምን እንደሚያመጣም አይተናል። አፍሪካውያን ቀጥተኛ የማለፊያ ቦታ ስለተነፈጉ በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ላይ አደሙ፤ ለ1970ው ቦታው ተሰጣቸው። በኋላ የካፍ ፕሬዚዳንት የሆኑት የኛው ይድነቃቸው ተሰማ በዚያ ትግል ከፊት ነበሩ። ለ2026ቱ ውድድር ቀጥተኛ ቦታው 9 ደርሷል።

ስለዚህ የሚያሳስበኝ የድምፃችን ማነስ ሳይሆን ጠያቂ ማጣቱ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ብቁ ስታዲየም አጥቶ «የሜዳውን» ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ከረመ። ተወካዮቻችን በየጉባኤው ምን ደግፈው፣ ምን ተቃውመው እንደሚመለሱ ግን እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም።

ፌዴሬሽኑ ከእያንዳንዱ የፊፋና የካፍ ጉባኤ በፊት አጀንዳውን ለሕዝብ ያውጣ። በምስጢር ካልተሰጠ በቀር ድምፁን ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይግለጽ። የከተማችን ክለብም ይህንን በፌዴሬሽኑ ቀጣይ ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ያስይዝልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ