ጂቲአይ ወይስ ታይፕ አር? ጎማውን ሳያዩ አይግዙ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ሰባተኛ ትውልድ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ እና ከ2017 እስከ 2021 የተሸጠውን የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር የሚያማርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበት ነው። ታይፕ አር 306፣ የ2019 ጂቲአይ 228፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

በየቀኑ ለሚነዳው ግን ወሳኙ ጎማ ነው። የታይፕ አር ጎማ 245/30 (ስፋቱ 245 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት የስፋቱ 30 በመቶ)፣ ቸርኬው 20 ኢንች ነው። የጎማው ግድግዳ ቁመት 73 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ! የጂቲአይ 225/40 ባለ 18 ኢንች ጎማ 90 ይደርሳል። በክረምት በረዶ የቦረቦረው የዋሽንግተን አካባቢ አስፋልት ይህን ልዩነት በደንብ ያሳያል፤ ግድግዳው ሲያጥር የጉድጓዱ ምት ቸርኬው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ታይፕ አር ሲገዙ መኪናውን በክሪክ ከፍ አድርገው፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ የቸርኬውን የውስጥ ጠርዝ ይዩ፤ የሚጎብጠው እዚያ ጋ ነው። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር «ስፖርት» በሚባለው ጠንካራ የአነዳድ ምርጫ ስለሚጀምር፣ ለስላሳውን «ኮምፎርት» በየጊዜው መምረጥ ግድ ይላል። ይህ ያሰለቻል።

ጂቲአይም የራሱ ጣጣ አለው። የውሃ ፓምፑና የቴርሞስታቱ ቤት ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ሲፈራረቅበት ያፈሳል። ሮዝ ቀለም ያለው የደረቀ ዱካ ካዩ፣ ወይም የማቀዝቀዣው ውሃ ቀስ እያለ ከጎደለ፣ ዋጋውን ያስቀንሱ። እስከ 2018 ሞዴል ያለው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ በየ40,000 ማይል ዘይትና ፊልተር ይፈልጋል፤ ደረሰኝ ይጠይቁ። ታይፕ አር የሚመጣው በእጅ ማርሽ ብቻ ነው።

ከኋላ ሦስት ልጅ የሚያስቀምጥ ሰው ከጂቲአይ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ታይፕ አር ባለ አራት ወንበር ነው።

አንድ አንባቢያችሁ