ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ መታዘል አይፈልግም

ግልጽ ደብዳቤ፣ ለክፍለ ከተማችን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታውን አላስረዝምም። ቢሮዎ አራት ጊዜ መጥቻለሁ። ሦስቱን ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በአራተኛው አገኘሁዎት፤ እንደቆሙ አነጋገሩኝና "እናየዋለን" አሉኝ። ይህ የሆነው በጥቅምት ነው። አሁን የካቲት ገብቷል። በጽሑፍ ያስገባሁት አቤቱታ ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "እንዲታይ" ተብሎበት ወደ ትምህርት ቤቱ ተመርቷል። ትምህርት ቤቱ አልደረሰንም ይላል። መዝገብ ቤት ሄጄ የወጪ ቁጥሩን አስፈልጌ ወሰድኩላቸው። አሁንም አልደረሰንም ነው መልሱ። እንግዲህ ሰው ሁሉ እያነበበው እንነጋገር።

እርስዎ ጉዳዩን ያውቁታል። ለማያውቀው ግን ልንገር። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ከተወለደ ጀምሮ እግሮቹ አይታዘዙትም፤ ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ሒሳብ ይወዳል፤ ከክፍሉም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ጎበዝ ስለሆነ አይደለም የምጮኸው። ሰነፍም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ መብቱ ነው።

እስከ 7ኛ ክፍል ከታች ነበር የሚማረው። ዘንድሮ 8ኛ ክፍሎች በሙሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተደረጉ። ደረጃው 38 ነው። አዝዬው ስወጣ ነው የቆጠርኩት።

እናት ልጇን ብታዝል ምን አለበት የሚል አይጠፋም። ሕፃን ሆኖ አዝዬዋለሁ። በጥቅምት 2014 ከተማችንን ጥለን ስንወጣም አዝዬዋለሁ። ዊልቸሩ ቤት ቀርቶ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በጀርባዬ ይዤው ወርጃለሁ። ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። ያኔ የምንሸሸው ከተኩስ ነው። ዛሬ የማዝለው አንድ ክፍል የሚቀያይርልኝ ሰው ስላጣሁ ነው። እሱም አድጓል። ጢሙ ሊያቆጠቁጥ ነው። በክፍሉ ልጆች ፊት እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሲገባ ፊቱን አንገቴ ሥር ይደብቃል። ትንፋሹ ይሰማኛል። አይናገርም።

ዘንድሮ ደግሞ ጠዋት ሻይ መጠጣት ተወ። ዳቦውን ደረቁን ይበላል። ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ እያደረገ "አልፈልግም እማ" ይለኛል። ሆዱን አሞት መሰለኝ። በኋላ የነገረችኝ ታናሽ እህቱ ናት። ሽንት ቤት ለመሄድ 38ቱን ደረጃ ታዝሎ መውረድ አለበት። የሽንት ቤቱም በር ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ስለዚህ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል እንዳይመጣበት ብሎ ምንም አይጠጣም። የደሴን የጠዋት ብርድ ያውቁታል። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ለብሶ፣ ሰው ሁሉ ትኩስ ነገር ፍለጋ እጁን እያሻሸ፣ የኔ ልጅ ጉሮሮው ደርቆ ይወጣል። ሁለት ወር ሙሉ "አልፈልግም" ሲለኝ አመንኩት። ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ወደ አደጋው ልምጣ። እኔ ሳልኖር ጓደኞቹ ነበሩ ተራ እየገቡ የሚያዝሉት። ማንም አላዘዛቸውም። ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ደረጃው ታጥቦ ገና አልደረቀም። ያዘለውን ልጅ እግሩ ከዳው። ሁለቱም ተንከባለሉ። የልጄ የፊት ጥርስ ተሸረፈ። የጓደኛው የእጅ አንጓ ወለቀ። ወጌሻ ቤት አብረን ነበርን። ያ ልጅ እጁ እየታሸ፣ እንባው እየወረደ፣ ልጄን "በጣም አመመህ?" ይለዋል። እናቱ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ያችን ሴት ዕድሜ ልኬን አልረሳትም።

ይህ የሆነው እርስዎ "እናየዋለን" ባሉኝ በወሩ ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ እርምጃ ወሰደ። ማስታወቂያ ለጠፈ። ተማሪ ተማሪን ማዘል በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል፤ ማኅተምም አለበት። የጻፈው ሰው የልጆቹን ደህንነት አስቦ እንደሆነ እቀበላለሁ። ግን ማዘል ከተከለከለ፣ ክፍሉም ካልወረደ፣ ልጄ በምን ይውጣ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ ጠዋት አወጣዋለሁ፣ ቀትር ላይ አወርደዋለሁ። ወገቤ የያዘኝ ቀን ይቀራል። ከኅዳር ወዲህ 31 ቀን ቀርቷል። ቀን በቀን ደብተሬ ላይ ጽፌ ይዣለሁ። በነዚያ ቀናት ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጦ የጓደኛውን ደብተር ይገለብጣል።

የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው። ከታች አራት ክፍሎች አሉ። በአንዱ የተሰበረ ወንበር ተከምሯል። በሦስቱ 5ኛ ክፍሎች ይማሩባቸዋል። አንዱን 5ኛ ክፍል ወደ ላይ፣ 8ኛ "ለ"ን ወደ ታች። በቃ። ርዕሰ መምህሩ "እህቴ፣ ለአንድ ልጅ ብለን ስልሳ ተማሪ አናንገላታም" አሉኝ። ቢሮዎ ውስጥ ያነጋገረኝ ባለሙያ ደግሞ ልዩ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ለምን አትወስጅውም አለኝ። ልጄ ልዩ ክፍል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ደረጃ የሌለው ክፍል ነው።

ሕጉን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ አስቀምጦታል። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል፣ እንደ ፍላጎቱም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ያዛል። አንቀጽ 2 ደግሞ ይህን ማመቻቸት መንፈግ ራሱ መድልዎ ነው ይላል። "ተመጣጣኝ" የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም አይጠየቅም ማለት ነው። እኔም አልጠየቅሁም። አሳንሰር ግዙልኝ አላልኩም። "በጀት የለም" ተብያለሁ። ስልሳ ወንበር ከላይ ወደ ታች ለማውረድ የትኛው በጀት ነው የሚፈቀደው?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም ደረጃ ለማይወጣም ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አስገድዷል። ሽንት ቤቱንም ጨምሯል። ያ ፎቅ የተሠራው ከአዋጁ ስንት ዓመት በኋላ ነው። ለግንባታው የወላጅ መዋጮ ከፍያለሁ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ። ልጄ የማይወጣበትን ደረጃ በገንዘቤ አሠርቻለሁ። ዕቅዱን ያጸደቀው ማን ነው? ርክክቡን የፈረመው ማን ነው?

በየዓመቱ ትምህርት ቤቱ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ቁጥር በቅጽ ሞልቶ ወደ እናንተ ይልካል። ልጄም እዚያ ውስጥ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። በሪፖርቱ ላይ አካቶ ትምህርት ውስጥ ያለ፣ ማለትም ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ የሚማር ተማሪ ነው። 31 ቀን ቤት የዋለውን ግን የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። በየመድረኩ ስለ አካቶ ትምህርት ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ያ የተገፋ የሻይ ብርጭቆ ይመጣብኛል።

በዓመቱ መጨረሻ ክልላዊ ፈተና አለበት። የፈተናው ክፍልም ከታች እንዲሆን ከአሁኑ ይጻፍልኝ። የሽንት ቤቱን ሁለት ደረጃ በግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ራምፕ ማድረግ ይቻላል። እሱን የሰፈራችን ግንበኛ በነፃ እሠራዋለሁ ብሏል፤ ፈቃድ ብቻ ስጡን።

"አናንገላታም" የተባለላቸውን ስልሳ ተማሪዎችም ጠይቄያቸዋለሁ። ሌላ የጠየቃቸው ሰው የለም። ወንበሩን እኛ እናወርዳለን አሉኝ። ያ አንጓው የወለቀውም አንድ እጅ አለኝ ብሏል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። ልጆቹም ይመጣሉ። የቀረን የእርስዎ አንድ መስመር ነው። በዚያው ቀይ እስክሪብቶ "ይፈጸም" ብለው ይጻፉልን።

የ8ኛ "ለ" ተማሪ እናት
ደሴ