እሁድ ድሬ ነን፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር

ይድረስ ለቁጥር ስድስታችን፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን።

ለእናትህ ለቅሶ እንዳልመጣሁ አልረሳሁም። በስልክ «ለአርባው እደርሳለሁ» አልኩህ። አርባውም አለፈ፣ ሰማንያውም አለፈ። ከዚያ መደወል አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ቀኑ እየረዘመ ሄደ። ይቅር በለኝ። ስድቡን ስመጣ በአካል ታወርድብኛለህ፤ አሁን ግን ቸኩያለሁ።

ስመጣ ያልኩህ የምሬን ነው። እሁድ 9 ሰዓት ላይ ድሬ ዳዋ እንጫወታለን። እህትህ ሳትነግርህ አትቀርም፤ ለቡድኑ ስንቅ ዳቦ ልትደፋ ዱቄት ገዝታለች። እንደሰማሁት አንተም ሰፈሩን ሁሉ «የእህቴን ልጅ ኑና እዩ» እያልክ ነው። ኧረ ቀስ በል፣ ወንድሜ! ለማንም ከመናገርህ በፊት ይቺን ደብዳቤ ጨርሳት።

እዚህ አንድ ለአንድ ነው የወጣነው። የውድድሩ ደንብ ያው የድሮው ነው፤ በድምሩ እኩል ከሆንን ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባ ያልፋል። አውሮፓውያኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥለውታል፤ ወሬው ግን የእኛ አዘጋጆች ጋ አልደረሰም። ስለዚህ ዜሮ ለዜሮ ከወጣን አበቃልን። ማግባት አለብን። ጎላችንን ያገባው ደግሞ ያንተው ጉድ ነው፤ ሁለት ተከላካይ በአብዶ አስቀምጦ በግራ እግሩ። አንተን አየሁ ልል ነበር፤ ግን አንተ በግራህ አውቶቡስም አትመታም።

የገባብንም በእሱ በኩል ነው። የእነሱ የግራ መስመር ተከላካይ ሳንባው አያልቅም፤ ሲወጣ ሲመለስ ይውላል። በ70ኛው ደቂቃ ገደማ ኳስ ሳይዝ ልጃችንን አልፎት ሮጠ። ልጁ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየዋል። የምልህ ይገባሃል? ቆሞ ያየዋል! በዚያ ክፍት ቦታ ተሻገረ፣ በግንባር ገባ። ያቺን ወገቡን ይዞ የቆመባትን ሰከንድ ከዓይኔ ላጠፋት አልቻልኩም።

አሁን ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ እየደረደርኩ አመሻለሁ። የእኛ የአምቦ ውሃ ነው፣ የእነሱ የቢራ። ባለቤቴ «ይሄን ሁሉ ቢራ የጠጣው ማነው?» ትለኛለች። አሰላለፉን ከ4-3-3 ወደ 4-5-1 ቀይሬዋለሁ። በቀኝ መስመር ያ ወፍጮ ቤት የሚሠራው ልጅ ይገባል። ኳስ ስትደርሰው ትደነግጣለች እንጂ፣ ተከተለው ያልከውን ሰው ሽንት ቤት ድረስ ይከተላል። አንድ ሰዓት ጎል ሳይገባብን እንቆያለን። ከዚያ የግራ ተከላካያቸው ምላሱ ሲወጣ፣ ያንተን ልጅ አስገባዋለሁ።

አዎ። እሁድ ቋሚ አይሆንም። ይኸው አልኩት።

ይቺን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሰበብማ ነበረኝ። ልጁ አንድ ቢጫ አለበት፤ በደብተሬ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፣ አንድ ብቻ ነው። ግን «ሁለት ናት፣ ታግደሃል» ብለው ማን ያጣራል? ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፎ ስንጨፍር ከርመን፣ በሁለት ቢጫ መቀመጥ የነበረበት ተጫዋች ገብቷል ተብሎ ነጥቡ የተወሰደብን ጊዜ ስንት ቀን እንዳኮረፍክ ታስታውሳለህ። ያንን ብጠቅስለት ያምነኛል። እህትህም ታምነኛለች። አንተም ታምነኝ ነበር።

ግን እንዲህ ዓይነት ሰበብ አንዴ ተጠቅሜያለሁ። ባንተ ላይ።

ደብረ ዘይት የሄድን ጊዜ ተቀያሪ የሆንክበት ቀን... «ጉልበቱ አብጧል» ብዬ ለአሰልጣኛችን የነገርኩት እኔ ነኝ። አብጦ ነበር፣ አልዋሸሁም። ግን ያንን ያህል አልነበረም። በአንተ ቦታ የገባው ማን እንደሆነም ታውቃለህ። አዝኜልህ ነው ወይስ ቦታህን ፈልጌ? እኔም እንጃ። አንተ ደግሞ የእኔን ታኬታ ማሰሪያ ስታጠብቅልኝ ነበር፣ ቤንች ላይ ተቀምጠህ። ይሄን ሳልነግርህ ስንት ዓመት አብረን በላን፣ ጠጣን። በል ስድቡ ላይ ጨምረው።

እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ «ማግባት ካለብህ አግቢህን ለምን ታስቀምጣለህ?» ልክ ነህ። ሱዳን ላይ 5 ገብቶብን ያዳነን እዚያ ያገባናቸው 3 ጎሎች ናቸው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሌሊቱን ተሰልፈን የገባን ጊዜ፣ አዳነ የመጀመሪያዋን ሲያገባ ጃኬቴን የቀደድከው ለዚያ ነው። ሳላዲን ሁለተኛዋን ሲደግም ደግሞ ቀሪውን እጅጌ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው በ3ቱ ጎል ነው፤ ሒሳቡ አልጠፋኝም። ብቻ ያ ቡድን 5 ገብቶበት የተረፈው በተአምር ነው። እኔ ተአምር የለኝም፤ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው ያለኝ።

አሁን ሥራ ልስጥህ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በ9 ሰዓት ሜዳው ድረስ ሂድልኝ። በጠዋት አይደለም፣ በ9 ሰዓት! በጫት ምርቃና ጊዜ ከጥላህ ማስነሳት ከባድ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አቦ ማለት እንደጀመርክም ሰምቻለሁ። ፀሐይዋ የትኛውን በረኛ ዓይን እንደምትመታ እይልኝ። ነፋሱ በየት በኩል ይመጣል? በቀኝ መስመር ጉድጓድ ወይ ጠጠር አለ? ሣር ነው አፈር? ታኬታውን የምወስነው በዚያ ነው።

ሌላው የኳሱ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ኳስ ይበራል። ድሬ 1,200 ገደማ ነው፤ አየሩ ወፈር ይላል፣ ረጅም ኳስ ቶሎ ይወድቃል። በረኛችን ደግሞ መለጋት ይወዳል። እዚህ የእነሱን አማካዮች አልፎ የሚወርደው ኳስ እዚያ ደረታቸው ላይ እንዳያርፍ ሰጋሁ። ስለዚህ ከኋላ በአጭር እንጀምራለን። ለትንፋሹስ ከደጋ የወረደ ሰው አይቸገርም፤ የግንቦት ሙቀት ነው የሚጥለን። ውሃና በረዶ የምናገኝበት ሱቅ ካለ ጠይቅልኝ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ እንዳይሞቁ ሰውነት ማሟሟቂያውን ከ15 ደቂቃ አላስበልጥም።

መኝታ አትጨነቅ፣ 22 ሆነን ቤትህ አንወርድብህም። ቅዳሜ በጠዋት ተነሥተን ማታ እንገባለን። ልጆቹ ባቡር ነበር የፈለጉት፤ ያለን ብር ግን ለአውቶቡስ ነው የሚበቃው።

እሁድ ስትመጣ ከቤንቹ ጀርባ እንዳትቀመጥ። አውቅሃለሁ፣ ገና በ10ኛው ደቂቃ «አስገባው!» ማለት ትጀምራለህ። ከማዶ በኩል ተቀመጥ። ጎረቤቶችህንም በ60ኛው ደቂቃ ቢመጡ ይበቃቸዋል በላቸው።

ለልጁ እንዳትደውልለት። ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ለብቻው አስቀምጬ እነግረዋለሁ፤ ስለ ቢጫ ሳላነሣ፣ ወገቡን ይዞ የቆመባትን እያሳየሁ። ለእህትህ ግን አንተ ንገርልኝ። ዳቦው ከተደፋ በኋላ ይሁን።

የሜዳውን ነገር እስከ ረቡዕ ላክልኝ።

የጃኬት ዕዳ ያለብህ ወንድምህ