የፓሪስ ደርሶ መልስ የሚቆጠረው ከመመለሻው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ገጻችሁ ላይ ፓሪስ ለሚሰነብቱ ወገኖች የወጣው ምክር በጎ አሳብ ይዞ የተነሣ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን «ጠዋት ሞን ሳን ሚሼል፣ ከሰዓት በኋላ የኖርማንዲ የጦር ዳርቻዎች፣ ለእራት ፓሪስ» ይላል። ይህን እንዳለ የተከተለ ሰው ፈረንሳይን የሚያየው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን የሚመጣ ቤተሰብ ለፓሪስ ያለው ሦስት አራት ቀን ስለሆነ፣ ሩቁን ቦታ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚጣደፈው ወዶ አይደለም። መሄድም ይቻላል። የሚቻለው ግን ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ተይዞ፣ ሒሳቡም ከመመለሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲቆጠር ነው።

ሞን ሳን ሚሼልን እንውሰድ፤ ባሕር ዳር ባለ ዓለት ላይ የቆመ ገዳም ነው። ስሙ የቅዱስ ሚካኤል ተራራ ማለት ስለሆነ ከእኛ ሰው ብዙው የሚጠይቀው እሱን ነው። ከፓሪስ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሞንፓርናስ ጣቢያ እስከ ሬን ከተማ ፈጣኑ ባቡር፣ ቴጄቬ የሚሉት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። አዲሱ ሐዲድ በፈረንጆቹ 2017 ከመከፈቱ በፊት መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስድ ስለነበር የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ የሚቆጥር ይሳሳታል። ሬን ላይ ወርዶ ከጣቢያው አጠገብ ወዳለው የአውቶቡስ መናኸሪያ ለመሻገርና ለመሳፈር ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። አውቶቡሱ ደግሞ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አውቶቡሱ ተራራው ሥር አያደርስም፤ በመኪና ማቆሚያው አካባቢ ያወርዳል። ከዚያ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል በነጻ የሚያመላልስ ሌላ አውቶቡስ አለ። እሱም ቢሆን በሩ ድረስ አይሄድም፤ 400 ሜትር ያህል ሲቀረው ድልድዩ ላይ ያራግፍና ይመለሳል። ያቺ 400 ሜትር ምንም መጠለያ የላትም። ነፋሱ ከባሕር በኩል ሲመጣ ጃንጥላ ስለሚገለብጥ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል። ወረፋው ተጨምሮ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይያዝ። ሁሉም ሲደመር ከሞንፓርናስ እስከ ግንቡ በር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደርሶ መልሱ ሰባት ሰዓት ይሆናል።

አሁን ከመመለሻው እንቁጠር። ወደ ሬን የሚመለሱት አውቶቡሶች በቀን ጥቂት ናቸው፤ ሰዓታቸውም የተቀመረው ከባቡሩ ጋር እንዲገናኝ ነው። የመጨረሻው ካመለጠ ሬን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ያለው ምርጫ ውድ ታክሲ ወይም ያልታሰበ አልጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያዘው ከመጨረሻው በፊት ያለው አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ከሚነሣበት ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ይቀነሳል፤ ከግንቡ በር ለመውጣት የመጨረሻው ደቂቃ እሱ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ለገዳሙ ሁለት ሰዓት፣ ለመውጫ መውረጃው አንድ ሰዓት ይቀነሳል። የቀረው ጊዜ ጠዋት ከሚደረስበት ሰዓት ጋር የማይገጥም ከሆነ በቀደመው ባቡር መነሣት ወይም ቀኑን መለወጥ ነው እንጂ ገዳሙ ውስጥ በመሮጥ የሚተርፍ ነገር የለም። የባቡሩና የአውቶቡሱ ቲኬት አንድ ላይ ይገዛ። ለየብቻ ከተገዛ ባቡሩ ዘግይቶ አውቶቡሱ ሲያመልጥ ኪሳራው የመንገደኛው ነው።

ገዳሙ በፈረንጆቹ ከሜይ 2 እስከ ኦገስት 31 ከ9:00 እስከ 19:00፣ በሌላው ጊዜ ከ9:30 እስከ 18:00 ክፍት ነው። የመጨረሻው መግቢያ ከመዝጊያው አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው። ጃንዋሪ 1፣ ሜይ 1 እና ዲሴምበር 25 ዝግ ነው። ከታች እስከ ገዳሙ 350 ያህል ደረጃ አለ። እናት አባትን ይዞ የሚሄድ ይህን አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ከታች ሆኖ ቢያይ አያፍርም። የሕፃን ጋሪ ከጥቅሙ ሸክሙ ይበልጣል፣ ልጅ በአንቀልባ ነው የሚሻለው። ትልቅ ሻንጣ ይዞ ገዳሙ መግባት አይፈቀድም፤ ሻንጣ የያዘ ፓሪስ ላይ ያስቀምጥ። በዋናው ጠባብ መንገድ እኩለ ቀን ላይ ሰው ከሰው ይተሻሻል። ወደ ላይ ሲወጡ በግንቡ አናት ባለው መተላለፊያ መሄድ፣ ሱቆቹን ለመውረጃ መተው ይሻላል። ምግቡ ውድ ነው፤ ጾም የያዘ ሰውም ብዙ የሚመርጠው ስለማያገኝ ከሬን ወይም ከፓሪስ ዳቦና ፍራፍሬ ይያዝ።

ስለ ባሕሩም አንድ ነገር እናንሣ፤ ፎቶግራፉ ብዙ ሰው ያታልላልና። ተራራው በውኃ ተከብቦ የሚታየው ሁልጊዜ አይደለም። የባሕሩ መውጣትና መውረድ እዚያ እስከ 14 ሜትር የሚደርስ ልዩነት አለው፤ ጉልበቱ ግን ከቀን ቀን ይለያያል። ፈረንሳዮቹ ጉልበቱን ከ20 እስከ 120 በሚሄድ ቁጥር ይለኩታል። ቁጥሩ 110 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ተራራው ለጥቂት ጊዜ ደሴት ይሆናል፤ 50 በሆነበት ቀን የሄደ ሰው የሚያየው ሰፊ አሸዋና ጭቃ ነው። ሰንጠረዡ ለዓመቱ ሙሉ አስቀድሞ ስለሚወጣ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት ማየት ነው። አሸዋው ደረቅ መሰለ ተብሎ ያለ አስጎብኚ መግባት አይገባም፤ የሚውጥ አሸዋ አለው፣ ውኃውም ሲመለስ ከኋላ ዞሮ ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእኛን ሰው ባቡር የሚያስመልጠው ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቲኬቱ ላይ 07:00 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። አጎት ከአዲስ አበባ «ሰባት ሰዓት» ሲሉ እኩለ ቀን ካለፈ ያለውን፣ ፓሪስ ያደገው የእህት ልጅ ደግሞ ማለዳውን ያስባል፤ መካከሉ ስድስት ሰዓት ነው። በቤተሰብ ስልክ ሲነጋገሩ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን አኀዝ እንዳለ ማንበብ ይበጃል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድም ሌላ ጣጣ አለበት። ፈረንሳዮች ቀኑን ከወሩ ያስቀድማሉ፤ 05/06 ጁን 5 ነው እንጂ ሜይ 6 አይደለም። የመሳፈሪያው ቁጥር ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ባቡሩ ከመነሣቱ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው፤ በሩም የሚዘጋው 2 ደቂቃ አስቀድሞ ነው። ሞንፓርናስ ሰፊ ስለሆነ ከሜትሮ ወጥቶ ባቡሩ ድረስ ከ10 ደቂቃ በላይ መሄድ አለ። የሥራ ማቆም አድማ ከተነገረ ደግሞ የነገው ባቡር መኖር አለመኖሩ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በዋዜማው 17:00፣ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ነው።

በመኪና ልሂድ ለሚል መንገዱ አንድ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ነው። አንድ ሾፌር ብቻ ካለ ስምንት ሰዓት ነድቶ፣ በመካከሉም 350 ደረጃ ወጥቶ መመለሱ አደገኛ ነው። ከፓሪስ ወደ ካን በሚወስደው ኤ13 አውራ ጎዳና ላይ ከ2024 ጀምሮ የክፍያ ኬላ ተነሥቷል። ካሜራ ሰሌዳውን ያነሣና ክፍያው በ72 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት መፈጸም አለበት። ኬላ አላየሁም ብሎ የተመለሰ ሰው ቅጣቱ በተከራየው መኪና በኩል ይከተለዋል፤ አከራዩም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ካን ካነሣን፦ በእኛ ፊደል ሲጻፍ የኖርማንዲው ካንና የፊልም ፌስቲቫሉ ካን አንድ ናቸው፤ አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በሜዲትራንያን ዳር ነው። ቲኬት ሲገዛ የላቲኑን አጻጻፍ ማየት ግድ ነው።

የኖርማንዲው ጦር ሜዳ የራሱን ቀን ይፈልጋል። ከፓሪሱ ሳን ላዛር ጣቢያ ባዮ ከተማ ድረስ በባቡር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ከባዮ ወደ ኦማሃ ዳርቻና ከ9,300 በላይ መቃብር ወዳለበት የኮልቪል የአሜሪካውያን መካነ መቃብር የሚሄዱት የሕዝብ አውቶቡሶች ጥቂት ስለሆኑ፣ ባዮ ላይ የሚነሣ የግማሽ ቀን ጉብኝት ወይም ታክሲ አስቀድሞ ካልተያዘ ቀኑ በፌርማታ ያልቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጁን 6 ቀን 1944፣ የአሜሪካ ወታደሮች የወረዱበትን የአሸዋ ስፋት ማየት የሚፈልግ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ይድረስ። ባዮ ላይ ኖርማኖች እንግሊዝን የያዙበትን የ1066ቱን ጦርነት የሚያሳየውን ዝነኛ ጥልፍ እግረ መንገዴን አያለሁ ማለት ደግሞ ለጊዜው አይሠራም። ሙዚየሙ ከ2025 መስከረም ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል፤ የሚከፈተውም በ2027 እንደሆነ ተነግሯል።

በሎዋር ወንዝ ሸለቆ ያሉት ቤተ መንግሥቶች ቀላል ናቸው፤ ሻምቦርንና ሸኖንሶን በአንድ ቀን በባቡር አንድ ላይ ለማድረግ ካልተሞከረ። ሸኖንሶ የባቡር ጣቢያው ደጁ ላይ ነው፤ ሻምቦር ግን ከብሏ ጣቢያ ሌላ ተሽከርካሪ ይጠይቃል። የጥንት ሥዕል ያለበት ላስኮ ዋሻና በግንብ የታጠረችው ካርካሶን ከተማ ለፓሪስ ደርሶ መልስ ፈጽሞ አይሆኑም። የላስኮ እውነተኛው ዋሻ ከ1963 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የሚታየው ቅጂው ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በምክራችሁ «ፓሪስ ላይ ረጅም ትራንዚት ያለው» የሚል ሐረግ አለ። የአውሮፕላን ጣቢያ ትራንዚት ቪዛ ከጣቢያው አያስወጣም፤ ለመውጣት የሼንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ መያዝ ያስፈልጋል። ቪዛው ቢኖርም በረራ ባለበት ቀን ሩቅ ቦታ አይታሰብ። ከሻርል ደጎል እስከ ሞንፓርናስ ብቻ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል።

አንድ የሩቅ ቦታ ግን ድካሙን ታግሦ ለሚሄድ እንጨምር፤ በምክራችሁ ውስጥ አለመኖሩ ገርሞናል። በስፔን ድንበር ላይ በምትገኘው አንዳይ ከተማ ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የተዘዋወረው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ ያሠራው ቤተ መንግሥት አለ። በ1864 ተጀምሮ የተሠራው በአርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ ንድፍ ነው። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ይኸው ሰው ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉ፤ ከደረጃው ግርጌ መብራት የያዘ ኢትዮጵያዊ ወጣት ተቀርጾ ቆሟል። በምግብ ቤቱ ያሉት ወንበሮች እያንዳንዳቸው መደገፊያቸው ላይ አንዳንድ የእኛ ፊደል ይዘዋል፤ በተርታ ሲነበቡ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሐዲ እንዳይኖር ፈጣሪን የሚለምን ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። ከጎብኚው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ሊያነባቸው የሚችለው የእኛ ሰው ነው፤ ወንበሮቹ ከቦታቸው ካልተዛነፉ።

ከሞንፓርናስ ያለ መቀያየር የሚሄደው ባቡር አራት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በ07:00 ገደማ የተነሣ ሰው እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርሳል። ቤተ መንግሥቱ ከጣቢያው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በእግር አንድ ሰዓት ያህል፣ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚመለሰው ባቡር 17:30 አካባቢ ከተያዘ ከአምስት ሰዓት በላይ ይቀራል፤ ጉብኝቱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም። አደጋው በሌላ በኩል ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካለው የእነሱ በጋ ውጭ የመክፈቻው ሰዓት ያጥራል፤ የሚዘጋባቸው ቀናትና ሳምንታትም አሉ። ስለዚህ የጉብኝቱ ሰዓት ሳይረጋገጥ የባቡር ቲኬት አይገዛ። ዳባዲ ከኢትዮጵያ ይዟቸው የሄደውን ብራናዎች ፍለጋ የሚሄድ ካለ ደግሞ እዚያ የሉም። ያሉት ፓሪስ፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ለእነሱ የሜትሮ ቲኬት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
ከፓሪስ የዘወትር አንባቢዎቻችሁ